ሁለቴ ሲያንኳኩት

እኔ ስልክ ስጠግን ሃያ ዓመቴ ነው፤ እጄ የነካው ስልክ ሞቶ እንኳ ቢሆን ተነሥቶ ይደውላል። የእናታችን ዓይን ሲደክም፣ ጀርባውን ሁለቴ ሲያንኳኩት መብራቱ ቦግ የሚል ስልክ የሠራሁላትም እኔው ነኝ።

መሐንዲሷ ታናሽ እህቴ ዘዴውን ወስዳ፣ የምትሠራበት ትንሽ ፋብሪካ ለሚያወጣው አዲስ ስልክ አዋለችው። ወዲያው አንድ ግዙፍ ስልክ አምራች «ማንኳኳቱ የፓተንት መብት ያወጣንበት ፈጠራችን ነው» ብሎ ከሰሰ። ሥራው ቆመ። የእህቴ ቡድን አዲስ ነገር መፍጠሩን ትቶ ስምንት ወር ሙሉ ለጠበቃ መልስ ሲጽፍ ከረመ። ፋብሪካው ከተረታ የእህቴ የሥራ ክፍል ይዘጋል፤ እሷም ከሥራ ትወጣለች።

በመጨረሻ የፋብሪካው ጠበቃ ሱቄ ድረስ መጣች።

«ቀድሞ ለሕዝብ የታየ ነገር ፓተንት አይሰጠውም። ከሳሾቹ ከማስመዝገባቸው በፊት እርስዎ ዘዴውን ለሕዝብ አሳይተውት ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ለመላው ዓለም ነዋ ያሳየሁት!»

«መላው ዓለም ስንት ሰው ነው?»

አጠገቤ የተቀመጠችው ሚስቴ ከት ብላ ሳቀች። «ይሄ ጉረኛ ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ ለጥፎ ነበር። ሰው ይስቅብናል፣ አጥፋው ብዬ ስንቴ ለመንኩት!»

ከፈትነው። እናታችን ስልኩን ታንኳኳለች፤ እኔ ደረቴን ነፍቼ «ዓለም ሆይ፣ ተመልከች!» እላለሁ። የተመለከተው አሥራ አንድ ሰው ነው፤ ዘጠኙ ዘመድ። ቀኑ ግን ከእነሱ ምዝገባ በሁለት ዓመት ይቀድማል።

ጠበቃዋ ቪዲዮውን ባቀረበች በሦስተኛው ሳምንት እህቴ ደወለች። «ጋሼ! ክሱን አነሡት! ነገ ሥራ እንገባለን! ከእንግዲህ እንደ ልብህ ጎርር!»

ሚስቴ እፎይ ብላ ተነፈሰች። እኔም ተነፈስኩ፤ በእኔ ትንፋሽ ግን የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ተንኳኳ።