ሠላሳ ስድስት ሺህ ሰከንድ

የክትባት ማከማቻውን የሙቀት ማንቂያ ፕሮግራም የጻፉት ጋሼ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔ ግን ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ እንደ አባቴ ነበር የማያቸው። ሁለት መነጽር ይይዛሉ፤ አንዱ ለስክሪን፣ አንዱ ለሰው።

ከሦስት ዓመት በፊት የማከማቻው ማቀዝቀዣ ሠራተኛ ሁሉ ከወጣ በኋላ ቆመ። ሙቀቱ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ሲጨምር ማንቂያው ትንፍሽ አላለም። ጠዋት በሩ ሲከፈት ያለው ክትባት ሁሉ ተበላሽቷል። ለሁለት ወር ያህል ሕፃናት ሳይከተቡ ተመለሱ።

ስብሰባ ተጠራ። «ይህን ኮድ ማን ነው የነካው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ጋሼ ብድግ አሉና «ፕሮግራሙ የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» አሉ።

እኔ ጠረጴዛውን አይ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ጋሼ በሕመም ፈቃድ ላይ ሳሉ፣ የጥበቃ ሠራተኞቹ «በሩ በተከፈተ ቁጥር ይጮህብናል፤ ጆሯችን ሊጠፋ ነው» ብለው ሲያማርሩ አንዲት ነገር ጨምሬ ነበር፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል ማንቂያው አሥር ደቂቃ ጠብቆ እንዲጮህ። ትንሽ ነገር ናት ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። በስብሰባውም ላይ ትንሽ ነገር ናት አልኩ፤ ለራሴ ብቻ። ኮዱ ያለበት ዲስክ በዚያው ሰሞን ስለተቃጠለ ማንም አላመሳከረም። ጥፋተኛው ራሱ አምኗል፣ ምን ይፈለጋል? በወሩ ጋሼ ሥራውን ለቀቁ።

ዘንድሮ አዳዲስ ማሽኖች ተገዙና ፕሮግራሙን ወደነሱ የማዛወሩ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። እኛ የጻፍነው ኮድ ጠፍቷል፤ የቀሩት ክላስ የሚባሉት፣ ወደ ማሽን ቋንቋ ተቀይረው ማሽኑ የሚያስኬዳቸው የፕሮግራሙ ክፍሎች ብቻ ናቸው። እነሱን እንዳሉ ከፍቶ ማንበብ አይቻልም። በውስጣቸው ያለውን ባይትኮድ የሚባል የማሽን ትእዛዝ ዘርዝሮ የሚያሳይ መሣሪያ ግን አለ፦ ይህን ቁጥር አንሣ፣ ከዚያኛው ጋር አስተያይ፣ ካነሰ ወደዚህ ዝለል ይላል፣ በየመስመሩ።

የማንቂያውን ክላስ ከፈትኩና ቁልቁል ወረድኩ። መሃል ላይ አንድ ቁጥር ተቀምጧል፤ 36000።

ስድስት መቶ መሆን ነበረበት። አሥሩን ደቂቃ አንድ ጊዜ ወደ ሰከንድ ቀይሬ፣ መቀየሬን ረስቼ፣ እንደገና በስልሳ አባዝቼዋለሁ። አሥር ሰዓት ሙሉ ጠብቆ እንዲጮህ! ሙቀቱ የጨመረው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ምናልባት የጋሼ ስህተት ይሆናል ብዬ ልሸሽ ስል ደግሞ መሣሪያው የቁጥሩን መጠሪያ አሳየኝ። በላቲን ፊደል «ታገሺ» ይላል። እናቴ ልጅ ሳለሁ ስቸኩል የምትለኝ ቃል ናት፤ ፕሮግራሙ እንዲጠብቅ በማደርግበት ቦታ ሁሉ እሷን መጻፍ ልማዴ ነው።

አለቃዬ በበሩ ብቅ ብሎ «እህስ፣ ምን አገኘሽ?» አለኝ።

«ገና ነኝ» አልኩት።

ሁለት ቀን «ገና ነኝ» ስል ከረምኩ። በአዲሱ ላይ ስድስት መቶ ብዬ ብጽፍ ነገሩ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩን በወረቀት አትሜ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ።

የውሃ ፓምፕ የሚጠግኑባት ጠባብ ክፍል አለቻቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ምነው፣ ፓምፕ ተበላሸብሽ?» ብለው ቀለዱ። ወረቀቱን ስዘረጋላቸው መነጽራቸውን ቀየሩ። በጣታቸው መስመር በመስመር ወረዱና ቁጥሩ ላይ ቆሙ።

«አሥር ሰዓት» አሉ። ቀጥለውም «ታገሺ... ይሄ ያንቺ ነው።»

«አዎ ጋሼ።»

«ያኔ ታውቂ ነበር?»

«ቁጥሩን አላውቅም ነበር። መንካቴን ግን አውቅ ነበር።»

ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ኮድ በጭንቅላቴ ስጽፈው ኖርኩ። ስህተቴን አገኛት ብዬ። በሌለችበት ስፈልጋት!»

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል እግራቸውን ሰበሰቡ። «ተነሺ። ለይቅርታ አታጣድፊኝ። ይልቅ ልጄ ጋ ሂጂና ይሄንኑ ንገሪያት።»

ልጃቸው ጤና ጣቢያ ውስጥ ሕፃናትን የምትከትብ ነርስ ናት። በማግሥቱ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ልጅ በታቀፉ እናቶች መሃል ቆማ ሰማችኝ፤ አላቋረጠችኝም።

«ያን ጊዜ ከበር የመለስኳት አንዲት ሕፃን ኩፍኝ ይዟት አንድ ጆሮዋ አይሰማም» አለችኝ በመጨረሻ። «ለአባቴ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ‹የዚች ልጅ ጆሮ በአንተ እጅ ጠፋ› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ከእግዜር ሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም።»

ጋውኗን አወለቀች። ለጓደኛዋ «ተራውን ያዥልኝ፣ አባቴ ጋ ደርሼ ልምጣ» ብላ እኔን ሳታይ ወጣች።

ለመሥሪያ ቤቱም ሁሉንም በጽሑፍ አመለከትኩ። ለጋሼ የይቅርታ ደብዳቤ ተላከላቸው፤ እኔን ከኮድ ጽሑፍ አንስተው ወደ ፍተሻ ክፍል አዛወሩኝ። ጋሼ ተመለሱ ቢባሉ እምቢ አሉ። አዲሱን ፕሮግራም እንዲያዩ ሲለመኑ ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። ክላሶቹን አንድ በአንድ አስከፈቱኝ፤ እኔ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሳቸው «ሰከንድ ነው ደቂቃ?» ይሉኛል። ሲጨርሱ «ከስሙ አጠገብ መለኪያውን ጻፊበት» ብለውኝ ሄዱ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ያቺ አንድ ጆሮዋ የማይሰማ ሕፃን ያለችበትን ቤት ኋላ ነርሷ ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ከበሩ ተመለስኩ። በሦስተኛው አንኳኳሁ። እናትየው በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ከኋላዋ ቀሚሷን የያዘች ትንሽ ልጅ እያየችኝ፣

«ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ?» አለችኝ።