ከፊልትሮው የማያልቅ ውሃ

ቃለ አብ ፊልትሮ የሚባለው ነገር መኪናው ውስጥ የት እንዳለ ለማወቅ ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀበት። የቄስ ልጅ ነው፤ ዳዊትን በቃሉ ይወጣዋል። ኮፈን ከፍቶ ሲያጎነብስ ግን ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው ነው የሚሆነው። አሮጌዋን የናፍጣ ፒካፕ በሬዎቹን ሸጦ ሲገዛ፣ ገብስና ድንች ሊያመላልስባት ብቻ አልነበረም። ሚስቱ ሔራን የመጀመሪያ ልጃቸውን ያጣችው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከሚኖሩባት ከአንኮበሯ ጎረቤላ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስዳት መኪና ስትጠብቅ፣ እዚያው መንገድ ዳር ነው። አሁን እንደገና ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪሙም ምጡ ሳይጀምራት ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል ትግባ ብሏል። እንግዲህ ለሐሙስ ስምንት ቀን ሲቀር ነው መኪናዋ ዳገት ላይ ማሳል የጀመረችው።

"ፊልትሮዋን እያት" አለው ደብረ ብርሃን ያለው መካኒክ ይርጋለም፣ በስልክ።

"የቱ ነው ፊልትሮ?"

"ጣሳ የሚመስል ክብ ነገር ነው። ታየዋለህ።"

ቃለ አብ ጣሳ የሚመስል ነገር ፈልጎ አገኘና እየታገለ ፈታው። የዘይት ፊልትሮ ኖሯል። ጥቁር ዘይት ከጣቱ እስከ ክርኑ ወረደበት። በማግስቱ ዘይት ገዝቶ ሞልቶ እንደገና ሲደውል፣ ይርጋለም መጀመሪያ እስኪበቃው ሳቀበት።

"የናፍጣው ከፍ ብሎ ነው ያለው። አናቱ ላይ በእጅ የምትጫን ፓምፕ አለችው፤ ከሥሩ ደግሞ በጣት የምትዞር ጆሮ። ብርጭቆ ደቅንበትና ጆሮዋን ላላ አድርጋት። ውሃ ከናፍጣ ጋር ከገባ ሥር ሥሩን ነው የሚተኛው፤ ፊልትሮው እሱን ይዞልሃል። ውሃው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ ትዘጋለህ። ከዚያ ፓምፗን እስክትጠጥር ድረስ መጫን ነው፤ በቃ።"

እንደተባለው አደረገ። ብርጭቆው ከግማሽ በላይ ውሃ ሆነ፤ ከላዩ ስስ ናፍጣ ተንሳፈፈበት። መኪናዋም ሳታንገራግር ተነሳች። ቃለ አብ መካኒክ የሆነ መስሎት ያን ቀን ሲያፏጭ ዋለ። በነጋታው ለማረጋገጥ ያህል ጆሮዋን ቢያላላት ደግሞ ውሃ። በሦስተኛውም ቀን ውሃ።

ነገሩ የተምታታበት ከዚህ በኋላ ነው። ጎረቤቱ ወልደተንሣኤ "የአንኮበር ጭጋግ እኮ ነው፤ ታንኩን ያልበዋል" አለው። ቃለ አብ መኪናዋን ማታ ማታ በሸራ ያለብሳት ጀመር፤ ውሃው ግን አልቀረም። የታንኩ ክዳን ያፈስ ይሆናል ብሎ የክዳኑን ጎማ ለወጠ። ያም አልረዳም። ፊልትሮውን ያጥበዋል፣ ያደርቀዋል፣ ይገጥመዋል፤ በማግስቱ ብርጭቆው ያው ነው። ሌሊት ተኝቶ እንኳ ፊልትሮ መፍታት ጀመረ።

እናቱ ወይዘሮ ወለተሐና፣ የሟቹ ቄስ ባለቤት፣ ከነሱ ጋር ነው የሚኖሩት። ልጃቸው በየጠዋቱ መኪናዋ ሥር ሲያጎነብስ ከደጃፉ ቆመው ያዩታል።

"ምን ሆነች ልጄ?"

"ሆዷን አሟታል እማዬ" ይላል፣ ለእናት ፊልትሮ ማስረዳት ደክሞት።

"እግዜር ይማራት" ይላሉ እሳቸውም።

ሊጠረጠር የሚችል የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ሙኽታር። የዓልዩ አምባ ልጅ ሲሆን ጎረቤላ ላይ ሱቅ ከፍቶ ናፍጣ በጀሪካን ይሸጣል። ቃለ አብ ከሱ የገዛውን በጠራ ፕላስቲክ ቀድቶ ሲያሳድረው ጠብታ ውሃ አልተገኘበትም። በቅን ሰው አእምሮ ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። የቃለ አብ ራስ ግን በስምንት ቀን ዞሮ ነበርና፣ እኔ ቆሜ ሳይ ንጹሑን ይቀዳልኛል፣ ዞር ስል ውሃ ይደባልቃል ብሎ ደመደመ። መቼ ዞር እንዳለ ራሱንም አልጠየቀም።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሔራንን በጋቢና፣ እናቱን ከሷ አጠገብ አስቀምጦ ተነሳ። ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን እንደወጡ መኪናዋ ሦስት ጊዜ አሳለችና ጸጥ አለች። ወርዶ ጆሮዋን አላላ። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ። ሁለተኛ ደቀነ፤ ውሃ። ሦስተኛውም ውሃ።

"ቃለ አብ" አለች ሔራን፣ በሩን በሁለት እጇ ጨብጣ። "ጀመረኝ መሰለኝ።"

ጤና ጣቢያ ደወለ፤ አምቡላንሱ ሌሊቱን ቆላ ወርዶ አልተመለሰም። መንገዱ ላይ መኪና ቀርቶ አህያ የለም። ያ የዛሬ ሁለት ዓመቱ ጠዋት ተመልሶ ፊቱ ድቅን አለበት። ፈራ፤ ፍርሃቱን የሚጥልበት ሰው ፈለገና ሙኽታር ዘንድ ደወለ።

"ውሃ ሸጥህልኝ አይደል? ሚስቴ መንገድ ላይ እያማጠች ነው! ከናፍጣው ውሃው ይበልጣል! የሰው ነፍስ ነው የምትነግድበት!"

"ወላሂ አልደባለቅኩም። የት ጋ ናችሁ?" አለ ሙኽታር።

ቃለ አብ ዘጋበት። ዞር ሲል እናቱ ከመኪናው ወርደው ከኋላው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ውሃ ነው እንዴ መኪናዋን ያሳመማት?"

"ውሃ ነው እማዬ። ውሃ!"

"እንግዲያማ የሱ አይደለም፤ የኔ ነው" አሉ ወይዘሮ ወለተሐና። "መኪናዋ ስትመጣ የሚካኤሉ ቄስ ላይዋን ጠበል ረጩልህ። ውስጧን ማን ነካው? ደግሞ የምትሄደው በውስጧ ነው አሉ። እኔም በየማለዳው ከሚካኤል ጠበል ሦስት ሦስት እፍኝ በምትጠጣበት ጨመርኩላት። ሆዷን አሟታል ስትለኝ አብዝቼ ሰጠኋት። ዛሬ ደግሞ መንገድ ነው ብዬ፣ ሙሉውን ሃይላንድ።"

ቃለ አብ መሳቅ ይሁን መጮኽ የሚገባው ጠፋው። እጁ ላይ ያለውን ብርጭቆ አየ። ሊደፋው ሲል ጠበል መሆኑ ትዝ አለው። ልተወው ቢል ደግሞ ልጁን ሊያሳጣው የነበረ ውሃ ነው። የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገብቶት ብርጭቆውን እንደያዘ መንገዱ ላይ ቆመ። እናቱን እንዳይቆጣ፣ ለሱው ብለው ነው ያደረጉት። እንዳይተወው ደግሞ ሔራን ታቃስታለች። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ንጹሕ ናፍጣ ያለው አሁን የሰደበው ሰው ዘንድ ነው።

እያፈረ ሊደውል ስልኩን ሲያወጣ የሞተር ሳይክል ድምፅ ከታች ተሰማ። ሙኽታር ነው፤ መንገዱ አንድ ነውና ሳይጠሩት መጥቷል። ከኋላው አንድ ሙሉ ጀሪካንና አንድ ባዶ ጀሪካን፣ መፍቻም ጠፍሮ አስሯል።

"ሙኽታር ልጄ" አሉ ወይዘሮ ወለተሐና፣ ገና ሳይወርድ። "ያለ ኃጢአትህ ያሰደብኩህ እኔ ነኝ። ጠበሉን ታንኩ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

ሙኽታር እሳቸውን አየ፤ ቃለ አብን አየ፤ መኪናዋ ውስጥ ጥርሷን የነከሰችውን ሔራንን አየ።

"ስንት ይሆናል እማማ?"

"ዛሬስ ሁለት ሊትር።"

"ታንኩ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት" ብሎ መኪናዋ ሥር ገባ። የታንኩን ቡሎን ፈትቶ ሊለቀው ሲል የወይዘሮ ወለተሐና እጅ ወደ አፋቸው ሄደ። ጠበሉ መሬት እንዳይፈስ እንዳይለምኑ በደላቸው አፋቸውን ይዞታል። ሙኽታር ግን ከታች አያቸው።

"ቃለ አብ፣ ባዶውን ጀሪካን ስጠኝ። አፉንም ቅደደው።"

"ምን ያደርጋል? ይፍሰስ እንጂ! እሷ እኮ..."

"እግር ይረግጠዋል። የሳቸው ጠበል ነው" አለ ሙኽታር። "ስጠኝ፤ እሷም እንዳትቆይ።"

ቃለ አብ በቢላዋ ቀድዶ ሰጠው። አሥር ደቂቃ ያህል ሙስሊሙ ጠበል ሲያጠራቅም፣ የቄሱ ልጅ ሲቻኮል፣ እናቲቱም ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ናፍጣ ሲረጭባቸው ቆዩ። ከዚያ አዲሱን ናፍጣ ሞሉ፤ ፊልትሮውን አጠሩ፤ ሙኽታር ፓምፗን እስክትጠጥር ተጫነ። ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ።

"ሞተር ሳይክሌ እዚሁ ትቁም" አለ ሙኽታር፣ ከኋላ ዘሎ እየወጣ። "ቢቆምባችሁ ማን ያጠራላችኋል?"

መኪናዋ አልቆመችም። ሆስፒታሉ በር ላይ ሔራንን በተሽከርካሪ ወንበር ወሰዷት። ሙኽታር ወርዶ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። ወደ ሌላ ሆስፒታል ውሰዷት ቢባል፣ ይህች መኪና ከጠፋች ተመልሳ እንደምትነሳ ማንም እርግጠኛ አልነበረም።

ረፋድ አራት ሰዓት ሲሆን ሴት ልጅ ተወለደች። ቃለ አብ ገብቶ አያት፤ ቀይና ትንሽ፣ ፊቷን አጨፍግጋ። እናቱ በሩ ላይ ቀርተዋል።

"ግቡ እንጂ እማዬ፣ ያዟት" አለች ሔራን።

"እጄ ናፍጣ ነው የሚሸተው" አሉ ወይዘሮ ወለተሐና፣ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር እየደበቁ። "ደግሞ በዚሁ እጄ ነው ልገድላት የነበረው።"

ሔራን ልጅቷን ወደሳቸው ዘረጋችላቸው፤ እስኪቀበሏትም ድረስ ክንዷን አላወረደችም። አሮጊቷ ተቀበሏትና ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

ቃለ አብ ወደ ውጭ ወጣ። በመንገዱ ሁሉ የይቅርታ ቃል ሲደረድር ቆይቶ ነበር፤ ከዳዊትም ከወንጌልም። ሙኽታር ፊት ሲደርስ ግን አንዱም አልመጣለትም። የመኪናዋን በር ብቻ ያዘ።

"እንዴት ነው?" አለ ሙኽታር።

"ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።"

"አልሐምዱሊላህ።" ሙኽታር ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ። ከዚያ እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቃለ አብን ጠየቀው። "እንግዲያ ላጥፋው?"

"አጥፋው" አለ ቃለ አብ፣ እንባውም መጣ።