የሄልቪ ቅባት

ሄልቪ የሻይ ማንኪያውን እጀታ ወደ ብልቃጡ አስገብታ ጥግ ጥጉን ፋቀች። የወጣላት ቅባት የምስር ፍሬ አያክልም። በቀለበት ጣቷ ከቀኝ ዓይኗ ሥር ቀባችው፤ ለግራው አልተረፈም።

መስኮቱ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ውጭው ውርጭ ነው፣ ውስጡ ደግሞ ማሞቂያው ቀን ከሌት እየነደደ አየሩን አድርቆታል። ከዓይኗ በታች ያለው ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ፣ ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቆ ቀልቷል። መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት ያየ ሰው ሌሊቱን ስታለቅስ አድራለች ይላል።

ሄልቪ ግን አላለቀሰችም። ባሏ ኤስኮ በኅዳር ወር፣ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ሞተ። በቀብሩ ቀን ሴቶቹ መሐረብ ይዘው ሲንሰቀሰቁ እሷ ከቀብር መልስ የሚቀርበው ኬክ ለቀብርተኛው ይበቃ እንደሆነ ታስብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ በረዶ ትጠርጋለች። ልጇ ሰይያ ከኦውሉ ከተማ እየደወለች «እማዬ፣ አልቅሺ እንጂ፣ ይወጣልሻል» ትላታለች። «ከመጣልኝ አለቅሳለሁ» ትመልሳለች፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው።

የሚያስፈራት እንባው መጥፋቱ አይደለም። አርባ ስድስት ዓመት አብራው ኖራ ውስጧ እንዲህ ጭር ካለ፣ ምናልባት ወድጄው አላውቅም ይሆናል የሚለው ሐሳብ ነው። ይህን ለሰይያ አልነገረቻትም። ለማን ይነገራል?

ከእሱ የቀረላት አንድ ልማድ ቅባቱ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስትቀባው ለትንሽ ጊዜ ቤቱ እንደ ድሮው ይሆንላታል። አሁን እሱም አለቀ። ካፖርቷን ደረበች፣ ባዶውን ብልቃጥ ኪሷ ከተተች፣ ከሥሯ መንሸራተቻ ብረት ያላትን የበረዶ ወንበሯን ይዛ በአንድ እግሯ እየገፋች ወደ መንደሩ መድኃኒት ቤት ወረደች።

ኤስኮ የወተት ቦቴ ሹፌር ነበር፤ በየገበሬው ደጅ እየዞረ ወተት ይሰበስባል። እሷ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበረች፣ የበረት ሽታ አትወድም። ስለዚህ ኤስኮ ዕድሜውን ሙሉ ጓሮ ባለው ሳውና፣ በእንፋሎት መታጠቢያው ቤት፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ታጥቦ ነበር ወደ ቤት የሚገባው። ቅር ብሎት እንደሆነም ተናግሮ አያውቅም፤ መናገር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። በጋብቻቸው ሃያ አምስተኛ ዓመት ይህን ብልቃጥ ከሄልሲንኪ አስመጣላት። ሲያልቅ «ከተማ የሚሞሉበት ቦታ አለ» አላት። በየመኸሩ ባዶውን ይወስዳል፣ ሞልቶ ይመልሳል።

የቤተ ክርስቲያኑ ስፌት ማኅበር ሴቶች «ኧረ ምንድን ነው የምትቀቢው? የሰባ ዓመት ፊት እንዲህ ነው እንዴ?» እያሉ ይነዘንዟት ነበር። «የሄልሲንኪ ነው» ትላቸዋለች። «ለሁሉም ቆዳ አይሆንም።»

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሌላ ገበያተኛ አልነበረም። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ቱውላ ከሄልቪ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ የተማረች ናት። ብልቃጡን አየችና ከኋላዋ ካለው መደርደሪያ አዲስ አወረደች።

«ይኸውልሽ። ዛሬም ይሠሩታል።»

ሄልቪ እዚያው ቆማ ከግራ ዓይኗ ሥር ቀባችው። ወዲያው ለበለባት።

«ይሄ አይደለም።»

«ስሙ ያው ነው እኮ!»

«ስሙማ ያው ነው። የእኔ ግን አያቃጥልም። እስቲ አሽትቺው።»

ቱውላ አሮጌውን ብልቃጥ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ደግማ አሸተተች፣ የተረፈውን እድፍ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ከዚያ ትከሻዋ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሄልቪ፣ ልንገርሽ ወይስ ይቅርብሽ?»

«ተናገሪ።»

«የላም ግት ቅባት ነው። ግቷ በብርድ እንዳይሰነጠቅ የሚቀቧት። እናቴ በረት ውስጥ በባልዲ ታስቀምጠው ነበር፣ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። የጽጌረዳ ዘይት ጠብ ተደርጎበታል እንጂ ራሱ ነው።» ድንገት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ! ዘይቱን የሸጥኩለት እኔ ነኝ! በየመኸሩ አንድ ጠርሙስ። ‹ለምንህ ነው ኤስኮ?› ስለው ‹ለሞተር ነው› ይለኛል። ፊቱ እንኳ ፈገግ ሳይል! ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ለሞተር!»

ሄልቪ አልሳቀችም። ቱውላም ይህን አይታ ሳቋን ዋጠች።

«አትቀየሚ። ብሸጠውም እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄኛው ውሃና ሽቶ ነው። በዚህ ውርጭ ለደረቀ ቆዳ ከዚያኛው የሚሻል የለም። ፊትሽን ያተረፈልሽ እሱ ነው።»

ሄልቪ የመጀመሪያው ብልቃጥ፣ እውነተኛው፣ ዓይኗን አቅልቶት እንደነበር ትዝ አላት። ቅር እንዳይለው ብላ ለኤስኮ አልነገረችውም። ጥርሷን ነክሳ እስኪያልቅ ተቀብታው ነበር።

«ደህና ዋይ» አለችና ወጣች።

መጀመሪያ የሞቃት አንገቷ ነው። ወንበሯን እየገፋች ስትሄድ ሙቀቱ ወደ ጆሮዋ ወጣ፤ ንዴት መሆኑን ያወቀችው መንገዱን አጋምሳ ነው። ከኅዳር ወዲህ የተሰማት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። ያኔ ሴቶቹ ሳሎኗ ውስጥ ተሰብስበው ፊቷን ሲያደንቁ፣ እሷ አገጯን ቀና አድርጋ «የሄልሲንኪ ነው» ስትል፣ ኤስኮ ከጎን ባለው ክፍል ጋዜጣውን ይዞ ተቀምጧል። ሁሉንም ይሰማል። አንድ ቀን እንኳ አልሳለም፣ አልሳቀም፤ ገጹን ገልጦ ንባቡን ይቀጥላል። የበረት ሽታ አልወድም ያለችውን ሴት የበረት ቅባት ቀብቶ ቤተ ክርስቲያን ከጎኑ አስቀምጧል!

ወደ ቤት የሚያስገባውን መንገድ አለፈችው።

መቃብር ስፍራው በረዶ ለብሶ ነጭ ሆኗል። የኤስኮ ድንጋይ ገና አልቆመም፤ ስሙ የተጻፈበት እንጨት አንገቱ ድረስ ተቀብሮ ይታያል። ሄልቪ እስከ ጉልበቷ እየሰመጠች ደረሰች።

«አንተ!» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አስደነገጣት። «አታፍርም? ሃያ ዓመት ሙሉ! እሑድ እሑድ እንኳ! ያቺ ቱውላ አሁን ለማን ለማን እንደምታወራ ታውቃለህ? ማታ መንደሩ ሁሉ ‹ሄልቪና ላሟ› ሲል ያመሻል! ለሞተር ነው ይላል ደግሞ! ሞተሩ እኔ ነኝ?»

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በረዶ የሚጠርገው ሰውዬ አካፋውን አቁሞ አያት። እሷ አላየችውም። የምትተነፍሰው እንፋሎት ፊቷን ሸፍኖታል።

«ለገንዘቡ ነው አይደል? ለመቆጠብ ነው!»

የእንጨቱን በረዶ በጓንቷ ጠረገች። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ቀስ ብሎ ነው የወጣው።

«ወይስ ዓይኔ መቅላቱን አይተህ ነው?»

አንድ ትኩስ ነገር በተሰነጠቀው ቆዳዋ ላይ ወረደ፤ አቃጠላት። ለመጥረግ ጓንቷን አነሣችና መልሳ አወረደችው። ሌላውም ተከተለ።

«ተናገር እንጂ፣ ኤስኮ።»

ኤስኮ ሲጠየቅ ቶሎ አይመልስም ነበር። የያዘውን በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሳህኑን አንሥቶ፣ ጥያቄው ከተረሳ በኋላ ነበር መልስ የሚሰጠው። ሄልቪ ወንበሯን በበረዶው ላይ ጎትታ አመጣች፣ ከእንጨቱ ፊት ለፊት አቆመችው፣ ካፖርቷን ሰብስባ ተቀመጠች። መጠበቁን ታውቅበታለች።