ለጎረቤት የምትገጠም

«ይኸው ይሠራል፤ ምን ቀረው?» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ሶኬቱን ሰክቶ።

ሟች ጠግኖ ሳይጨርሰው የቀረው፣ የአንድ ማመልከቻ ጻፊ አሮጌ ኮምፒውተር እውነትም በራ። ጻፊው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኑ ከሥራ ጠረጴዛው አልነቀል ብሎት ሰንብቷል። መተዳደሪያው ነው፤ ሆኖም ለመጠየቅ አፈረ። አሁን ደስታውን ሊደብቅ አንገቱን ደፋ።

የሟች ሚስት ከለቀስተኞቹ መሀል ተነሥታ መጣች። «ንቀለው» አለች።

ወንድምየው የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ማወቁንም ያውቃል። ሟች ነቅሎ የጣላት፣ በእርጅና የተሰነጣጠቀችው ቢጫ ካፓሲተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ባትኖርም ዕቃው እንደሚሠራ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ አስረዳት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ባሏ ሲሠራ ሠላሳ ዓመት ባትሪ ይዛ አብርታለታለች።

በዚህች ነገር ስንቴ ተጨቃጭቀዋል! ደንበኛው «ይበቃኛል፣ ስጠኝ» እያለ በር ላይ ይቆማል፤ ባሏ አዲስ ካፓሲተር ይፈልጋል። አንድ ቀን ለማያይልህ ሰው ምን ያደክምሃል ብትለው፣ ቀና ሳይል መለሰላት።

«የሱ ዕቃማ ይሠራል። ይቺ ከሌለች የሚንጫጫው የጎረቤቱ ሬዲዮ ነው። ይቺ የምትገጠመው ለጎረቤት ነው።»

ጅል ነህ አለችው። ቃሏን አላነሣችም። አሁንም አታነሣም።

ወንድምየው እያጉረመረመ ከመለዋወጫ ሣጥኑ አንዷን መዝዞ ሰጣት። አገላብጣ አየቻትና መለሰችለት።

«የተመሳቀለ ምልክት የታለ? ይቺን መብራት መግቢያው ላይ ብትገጥማት ቤት ታቃጥላለች።»

የኤክስ ምልክት ያለባትን ፈልጎ አመጣ።

ከለቀስተኞቹ አንዷ ሐዘንተኛ አርፋ ትቀመጣለች ብትላት፣ ሞቶብኝ ነው እንጂ እጄን አልተቆረጥኩም አለቻት። መበየጃውን ራሷ ያዘች። ሁለቴ ሳተች፤ በሦስተኛው ያዘላት።

ሲሰኩት እንደ ቅድሙ በራ። ለዓይን የተለወጠ ነገር የለም።

ጻፊው አመስግኖ ዕቃውን አቀፈ። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሥራ አልነበረም፤ የባሏ እጅ የነካው የመጨረሻው ይኸው ነው። እሷም በአንድ ወገን ደግፋ አብራው ወጣች። በሩን አልፈው መንገዱ ላይ ሲደርሱ፣

«እትዬ፣ ይበቃል፤ ብቻዬን እችለዋለሁ» አላት።

«ከባድ ነው» አለች።

አልለቀቀችም። ሰውየውም እርምጃውን አዘገየላት።