ሰማያዊው ሸራ

"ጌታ ያጽናናችሁ። ማን ናቸው ያረፉት?" አለ ሸራ ሰፊው ጴጥሮስ፣ የስፌት መኪናውን አቁሞ ከወንበሩ እየተነሳ።

ላምያ ከኋላዋ ሌላ ሰው የገባ መስሏት ዞር አለች። ደጃፉ ላይ ከሚንጠባጠበው ዝናብ በቀር ማንም አልነበረም።

"የሞተብኝ ሰው የለም" አለች።

"ታዲያ ሸራው ለምንድን ነው?"

"ለመኪና ነው፣ ጋሽ ጴጥሮስ። እዚያ ለቆመችው።"

ጴጥሮስ መንገዱን አሻግሮ አየና ሳቀ። "ይቅር በይኝ ልጄ። ጥቁር ሻሽ አስሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ 'ዛሬውኑ የሚደርስ ሸራ' የሚለኝ ሰው ለቅሶ ያለበት ብቻ ነው። አግዳሚ ወንበርም አከራያለሁ ልልሽ ነበር።"

ላምያም ሳቀች። ዓይኗ የቀላው እንቅልፍ አጥታ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ከቤት ወደ ቤት ስትዞር ሰነበተች። የምታነጋግረው ቡና ለቃሚ ሴቶችን ነበር። አምና ቡና ሰብሳቢ ከሆነው ወንድሟ ከኑዕማን ጋር በዋጋ ተጣልተው፣ እሸት ቡናቸውን ለእሱ ዳግመኛ እንደማይሸጡ ምለው የሄዱ ሴቶች ናቸው። ለሁሉም ያለችው አንድ ነገር ነው፦ "ዘንድሮ የምገዛው እኔ ነኝ። ቀዩን ቀይ፣ ጥሬውን ጥሬ እላለሁ።" አብዛኞቹ እሺ አሏት። ማናልሞሽ የምትባለው ጎልማሳ ሴት ግን "አንቺን አምኜ ነው፤ ወንድምሽንማ አይቼዋለሁ" አለቻት። ላምያ ይህን ቃል ይዛ ነው ወደ አማን ከተማ የተመለሰችው። የመጀመሪያው የግዢ ቀን ነገ ነበር።

መኪናዋ አሮጌ ነጭ ቫን ናት። ለደን ጥናት መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ለኑዕማን ሸጠለት። ጣሪያዋ ይነሳል። መቀርቀሪያዎቹ ሲለቀቁ እንደ ሳጥን ክዳን በአንድ በኩል ወደ ላይ ይከፈታል፤ ጎኖቹ በነጭ ጨርቅ የተጋረዱ ሲሆን ውስጡ አንድ ሰው የሚያስተኛ አልጋ አለው። የሰፈሩ ሰዎች "ምን ታዛጋለች?" እያሉ ይቀልዱባታል። ለላምያ ግን ያ ጣሪያ ትልቅ ነገር ነው። በለቀማ ወቅት መሽቶባት የሰው ቤት አታንኳኳም፤ የት አደርሽ ብሎ የሚጠይቃትም የለም። የጎደላት በዝናብ ጊዜ ሚዛኑንና ጆንያውን የምታስጠልልበት ነገር ብቻ ነበር።

ጴጥሮስ ጥቅል ሸራዎቹን አወጣ። ላምያ ከቦርሳዋ አንድ እፍኝ እሸት ቡና አውጥታ ደጃፉ ላይ ባለ ሳህን ውስጥ አፈሰሰችው፤ ቀይም፣ ቢጫም፣ ጥሬም ነበረበት። ሸራዎቹን በየተራ ከላዩ እንዲወጥርላት ጠየቀችው።

ከአረንጓዴው የጭነት መኪና ሸራ ሥር ቀዩ ቡናማ መሰለ። ከብርቱካናማው ሥር ደግሞ ጥሬው ሳይቀር የበሰለ መስሎ ታየ።

"ይቺን ውሰጂ" አለ ጴጥሮስ። "ገበሬው ይመርቅሻል።"

"ወንድሜ ይከስራላ። ነጩን እስቲ።"

ከነጩ ሥር ቀዩ ቀይ፣ ጥሬውም ጥሬ ሆኖ ታየ። "ይኼ ነው" አለች።

"ቶሎ ይቆሽሻል። ሰማያዊ ቢኖረኝ ጥሩ ነበር፤ ግን የቡና ሰብሳቢዎች ጨረሱት።"

"ለምን?"

"እኔ ምን አውቄ። ይወዱታል።"

ዝናቡ ሲያባራ መግጠም ጀመሩ። ጴጥሮስ ሸራው የሚገባበት ቦይ ያለውን ብረት ይዞ መሰላል ላይ ወጣና መብሻውን ከጣሪያው ጠርዝ ላይ አስጠጋ።

"እዚያ ላይ አይሆንም!" አለች ላምያ። ውስጥ ገብታ መቀርቀሪያዎቹን ለቀቀችና ጣሪያውን ወደ ላይ ገፋችው። ጴጥሮስ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ወደ ኋላ ሸሸ።

"በስመ አብ! ይኼ ነገር ሕይወት አለው እንዴ?"

"ብረቱ ከእሱ በታች ይሁን፤ ከማይነሳው ላይ።"

ከጣሪያው በታች በሳ፤ ውሃ እንዳያስገባ ቀዳዳዎቹን በጎማና በሲሊኮን ደፈነ። የሸራውን አንድ ጠርዝ ቦዩ ውስጥ አስገብቶ ሌላውን ከቧንቧ ጋር ሰፋው፤ ቧንቧውን በሁለት የብረት እግሮች አቆመው። ከዚያ በባልዲ ውሃ ረጨበት። ውሃው መሃል ላይ ሲቋጥር አንዱን እግር ትንሽ ዝቅ አደረገው፤ ውሃውም በአንድ በኩል ፈሰሰ። ላምያ ከሥሩ ቆማ ቀና ብላ አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዋ የእሷ የሆነች ያህል ተሰማት።

ኑዕማን ፒካፑን ከኋላቸው ያቆመው ያኔ ነው። በብብቱ የተጣጠፈ ሸራ ይዞ ነበር። ሰማያዊ ነው።

"ይኼን ማን ምረጪ አለሽ?" አለ ነጩን በጣቱ እየነካ። "እኔ አሰፍቼ አምጥቻለሁ። ጴጥሮስ፣ ይኼን አውጣና ያንን ግጠም።"

"ለምን ሰማያዊ ሆነ?" አለች ላምያ።

"ያምራላ።"

ላምያ ሰማያዊውን ከእጁ ተቀብላ ዘረጋችውና ከሳህኑ በላይ ያዘችው። ቀዩ ቡና ጠቆረ። ዛፍ ላይ ከርሞ ያለፈበት፣ ሊደርቅ የደረሰ ቡና መሰለ። ሸራውን አነሳች፤ ቀይ ሆነ። መለሰችው፤ ጠቆረ።

"አምና የመግዣው ዳስ ሰማያዊ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

"እና?"

"የማናልሞሽን ቡና 'አልፎበታል' ብለህ ዋጋ የቀነስክባት ከሥሩ ሆነህ ነው።"

"አምና ያለፈ ነገር ነው።"

"እኔ ሰሞኑን ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? 'ምናልባት ዘግይተሽ ለቅመሽው ይሆናል' አልኳት። ቤቷ ተቀምጬ። ሙዟን እየበላሁ።" ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

ኑዕማን ጴጥሮስን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ። ዝናብ የመታውን ቡና አምጥተው ሲያስመዝኑኝ ውሃውን የሚገዛው ማን ነው? እነሱ በውሃ ይወስዱብኛል፣ እኔ በጥላ እመልሳለሁ። ሁሉም የሚያደርገው ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኩሽ ጥላ እንድትመርጪልኝ ነው?"

"ቀዩን ቀይ እላለሁ ብዬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።"

"ቃሉ ያንቺ ነው፤ መኪናዋ ደግሞ የእኔ። ካልፈለግሽ ቁልፉን አምጪ፤ ነገ ጀይላን ብቻውን ይገዛል።"

ጀይላን አምናም የመዘነ፣ የኑዕማን ታማኝ ነው። ቁልፉን ብትመልስ ነገ ሴቶቹ የሚያገኙት እሱን እንደሆነ ላምያ ታውቃለች። ቁልፉን ጨበጠችው እስኪቆረቁራት ድረስ።

"እኔ እሄዳለሁ" አለች በመጨረሻ።

"ጀይላንም አብሮሽ ይሄዳል።"

ጴጥሮስ ሳያያት መሰላሉ ላይ ወጣ። ነጩን ከቦዩ ስቦ አወጣና ሰማያዊውን አስገባ፤ ኑዕማን እንዳይወልቅ በሪቬት ሚስማር ምታው ስላለውም ጫፎቹን መታቸው። ኑዕማን ነጩን ፒካፑ ላይ ወርውሮ ሄደ። ጴጥሮስ መሣሪያዎቹን እየሰበሰበ "ልጄ፣ እኔ ሠራተኛ ነኝ" አለ።

"አውቃለሁ፣ ጋሽ ጴጥሮስ።"

በማግስቱ መንደሩ ሲደርሱ ሴቶቹ ጆንያቸውን ከእንሰቱ ሥር ደርድረው ይጠብቁ ነበር። ሰማዩ ቢከብድም ዝናብ አልነበረም። ላምያ ሸራውን አልዘረጋችም። ሚዛኑን ሜዳ ላይ አስቀምጣ መግዛት ጀመረች። ጀይላን ይመዝናል፤ እሷ እፍኝ እያወጣች አይታ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ብላ ትጽፋለች። እንዲህ ብዙ ከሠሩ በኋላ ዝናቡ ከደኑ በኩል እየጮኸ መጣ። ጀይላን ማንንም ሳይጠይቅ የሸራውን እግሮች ዘርግቶ አቆመ። ሰዉ ሁሉ ከሥሩ ተጠለለ፤ ሚዛኑንም አስገቡት።

ተራዋ የማናልሞሽ ነበር። ጆንያዋን ፈትታ አፉን ከፈተችው። ጀይላን ጎንበስ ብሎ እፍኝ አወጣ።

"አልፎበታል" አለ። "ሁለተኛ ነው።"

ማናልሞሽ እንደ አምናው አልተከራከረችም። ቡናዋን አየችው፤ እጇንም አየችው፤ እሱም ከሸራው ሥር ጠቁሮ ነበር። ከዚያ ላምያን አየች።

"ላሚ፣ ዘንድሮም?" አለች።

ላምያ ሌሊቱን ሙሉ ለወንድሟ መልስ ስታዘጋጅ ነው ያደረችው። እየነዳችም መንገዱን ሁሉ አብሯት የመጣው ያው መልስ ነበር፤ ስድቡም፣ ክርክሩም። አሁን አንዱም ትዝ አላላትም። ንዴቱ ብቻ ነበር። ደብተሯን ማናልሞሽ እጅ ላይ አስቀመጠችና የሸራውን አንዱን እግር ነቅላ አጠፈችው።

"ምን ሆነሻል?" አለ ጀይላን።

"በዚያ በኩል ያለውን ንቀል።"

"ዝናቡስ? ቡናው ሊርስ እኮ ነው። ውሃውን ልንመዝን ነው?"

"አዎ።"

"ኑዕማን ምን ይለኛል?"

"እሷ ነች በለው። ንቀል።"

ጀይላን አልተንቀሳቀሰም። ዞራ ራሷ ነቀለችው። ሸራውን ከቧንቧው ጋር እየጠቀለለች እስከ ብረቱ ወሰደችና አሰረችው። ዝናቡ በአንድ ጊዜ ሁሉም ላይ ወረደ። አንዲት ሴት ሳቀች፤ ከዚያ ሌላዋ። ሕፃን የታቀፉትን ላምያ መኪናው ውስጥ አስገባቻቸውና ጣሪያውን አነሳችላቸው።

ማናልሞሽ ደብተሩን ከነጠላዋ ሥር ይዛ ቆማለች። በጆንያው አፍ ላይ የዝናቡ ጠብታ ቡናውን እያጠበው ነበር፤ ቀይ ነው፤ ጥሬም ያለፈበትም የለውም።

ላምያ ጆንያውን ከነዝናቡ መዘነችው። አንደኛ ብላ ጻፈችና ቀጣዩን ተራ ጠራች።