ለመምህር ጀክሸን ማን ያልቅስ

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ መኪና መጣ» አለች ሳይራ፣ የወንድሟን ልጅ ጭኗ ላይ ቆንጥጣ።

ጂፓር አልዞረችም። ሙሾ የምታወርድ ሴት ፊቷን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ፣ ጀርባዋን ወደ ደጁ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። የመጣውን ሰው በዐይኗ አታየውም፤ በለቅሶው ትለየዋለች። ወንዶቹ ከመንገዱ ጀምረው «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያሉ ሲመጡ፣ ይሄ እገሌ ነው፣ ያኛው ደግሞ እገሌ ነው እያለች ለእያንዳንዱ ግጥም ትሰጠዋለች።

በሌላ ሰው ለቅሶ ቢሆን መንደሩ ከጠዋት ጀምሮ በዚህ ድምፅ ይናወጥ ነበር። ከመጋረጃው ኋላ የተጋደመው አባቷ ግን መምህር ጀክሸን ነው። እስካሁን የደረሱት ከተራራው ማዶ ያሉት የሟች እናቷ ዘመዶች፣ የአባቷ አማቾች፣ ብቻ ናቸው። ድንኳኑን የተከሉት፣ ሬሳውን ያጠቡት፣ ጉድጓዱንም የቆፈሩት እነሱ ናቸው። ከመንደሩ አንድ አካፋ እንኳ ያዋሳቸው የለም።

«እንግዶቹ ማን ጋ ነው ሻይ የሚጠጡት?» አለች ጂፓር በሹክሹክታ። በሐዘን ቤት እሳት አይነድም፤ ለቀስተኛን የሚያበላ ጎረቤት ነው።

«አትጠይቂኝ። አንዷ ምድጃዬ ፈርሷል አለችኝ። ሌላዋ ልጄን አሞታል። ያቺ ምላሳም ሩካን ደግሞ 'ፕሬዚዳንቱ ምሳ አይልኩም እንዴ?' ብላ በሩን ዘጋችብኝ።»

የመኪናው በር ተዘጋ። ከባድ ድምፅ ነበረው፤ የመንግሥት መኪና ነው። ከዚያ ለቅሶ ተሰማ፤ ረጅም፣ የሠለጠነ፣ በየቀብሩ የተለማመዱት ዓይነት።

«የወረዳው ምክትል አስተዳዳሪ ነው» አለች ሳይራ። «እኔ ነኝ ያስጠራሁት። ስሚኝ አሁን። ሬሳው ከመነሳቱ በፊት ሙላው፣ አሰጋጁ፣ ወጥቶ 'ምን ዓይነት ሰው ነበር?' ብሎ ይጠይቃል። አማች አይመልስም፤ ምስክርነቱ አይቆጠርም። ከዚህ አገር የሆነ አንድ ሰው 'ጥሩ ሰው ነበር' ማለት አለበት። ከመንደሩ የሚል የለም። ይሄ ሰውዬ ይላል። አፍሽን ጠብቂና አሞግሺ፤ ወንድሜ ምስክር ሳይኖረው አፈር አይገባም።»

*

መንደሩን ማባዛትና ማካፈል ያስተማረው ጀክሸን ነው። ገበያ ላይ ነጋዴ ሲያጭበረብራቸው «እስቲ መምህሩን ጥሩልን» ይሉ ነበር፤ የሱ ቃል ከሚዛን ይበልጥ ነበርና። ለገዛ ልጁ እንኳ ግማሽ ነጥብ አልጨመረላትም። ጂፓር በግማሽ ነጥብ ወድቃ ቤት ስትገባ «የጎደለሽን አንቺ ፈልጊው» ብሏት እራቱን በልቷል። እሷም በብስጭት ትምህርቱን ትታ ዋና ከተማ ሄደች። ቀን የሰው ልብስ እየሰፋች፣ ያገኘችውን መጽሐፍ ሁሉ እየዋጠች ራሷን አስተማረች። በሱ መኩራቷን ግን አልተወችም። ምርጫ በመጣ ቁጥር የድምፅ መስጫ ጣቢያው ኃላፊ እሱ ነበር፤ ሌላ ሰው ይሁን ብሎ ያሰበም አልነበረም።

የዚህኛው የፕሬዚዳንት ምርጫ ዕለት ማታውን ደወለችለት።

«ቆጥረን ጨረስን» አላት። «መንደሩ በሙሉ ማለት ይቻላል ተቃዋሚውን ነው የመረጠው።»

«ታዲያ ወጥተህ አንብበው።»

«የማነበው ቁጥር ከወረዳ መጥቷል።»

«አባዬ፣ እንዳታነበው።»

«እኔ ባላነበው ሌላው ያነበዋል። ትምህርት ቤቱ ግን ለክረምት ከሰል አያገኝም፤ ቁርጡን ነግረውኛል። ልጆቹ እኮ ጓንት አጥልቀው ነው የሚጽፉት፣ ጂፓር።»

«ለከሰል ብለህ ነው የሸጥከን?»

ስልኩን ዘጋው። ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ወጥቶ፣ ፊደል ባስቆጠራቸው ሰዎች ፊት፣ ፕሬዚዳንቱ አሸነፉ ብሎ አነበበ። ማንም አልጮኸበትም። በማግስቱ ወጣቶቹ አውራ ጎዳናውን ዘጉ፤ ፖሊስ ተኮሰ፤ የጎረቤታቸው የሻርሸን ልጅ ኤርሜክ አስፋልቱ ላይ ቀረ። ፕሬዚዳንቱ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ከሰሉም መጣ፤ ግማሽ መኪና፣ አብዛኛው ትቢያ። ምድጃው ውስጥ ሲጨምሩት ከመንደድ ይልቅ ይጨስ ነበርና ልጆቹ ሲያስላቸው ከረመ።

ጀክሸን በየደጁ «ሰላም ዋላችሁ» እያለ ማለፉን አልተወም ነበር። የሚመልስለት ሲጠፋ ከቤት መውጣቱን ተወ። ከዚያ አንድ ጠዋት ልቡ ቀጥ አለ።

*

«መምህር ጀክሸን የመንግሥት ታማኝ ልጅ ነበሩ» አለ ምክትል አስተዳዳሪው ውጭ፣ ለአማቾቹ። «እንደሳቸው ያለ ሰው አሁን የት ይገኛል?»

«በይ» አለች ሳይራ።

ጂፓር አክስቷ ያስጠናቻትን ጀመረች፦

«ደብተር ያስያዛቸው፣ ፊደል ያስቆጠረው፣
የአገሩ መብራት፣…»

ቆመች። አባቷን ይሄ ሰውዬ መስክሮለት ሊቀበር ነው፤ ያንን ቁጥር የላከው ሰውዬ። አጥሩ ማዶ ያለው መንደር እውነቱን ከሷ አፍ ቢሰማስ? ምናልባት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አጥሩን አልፎ ይመጣ ይሆናል። ድንኳኑ እስኪርገበገብ ድምፅዋን ለቀቀችው፦

«የቆጠረው ሌላ፣ ያነበበው ሌላ፣
እንቅልፍ አልወሰደው ከዚያ ቀን በኋላ።
በከሰል ለወጠው የመንደሩን ቃል፣
ከሰሉም አልነደደ፣ ኤርሜክም ሞቷል።»

ውጭ ያለው ወሬ ተቆረጠ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጥቂት ቆይቶ የመኪናው በር ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ጎማው ጠጠሩን እየፈጨ ሄደ።

«ጉድ ሠራሽኝ» አለች ሳይራ።

«በውሸት አላለቅስም።»

«ሙሾ እኮ ነው፣ አንቺ ደረቅ። ፍርድ ቤት መሰለሽ? ከሞተ በኋላ ሰው ይሞገሳል፣ አለቀ። ያልታደለው ወንድሜ አንድ የሚመሰክርለት ምላስ ነበረው፤ እሱንም አባረርሽበት።»

የጂፓር ጆሮ ደጁ ላይ ነበር። እርምጃ ሰማች፤ የአንድ ሰው፣ ለቅሶ የሌለው። ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። የትንባሆውንና የጭድ ሽታውን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ ሻርሸን ነው።

«አንቺ ልጅ» አላት። «ከአጥር ማዶ ሰማሁሽ። ያልሽው እውነት ነው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች፣ «አጎቴ ሻርሸን» አለች። መለመን አታውቅም፤ አሁን ግን ለመነች። «ሙላው ሲጠይቅ አንድ ቃል በልለት። ጥሩ ነበር አትበል። ሰው ነበር በል፣ ይበቃኛል።»

«ለዚያ አልመጣሁም። እውነቱን እሱ ራሱ፣ ያኔ፣ ደረጃው ላይ ሆኖ ቢለው ኖሮ ጥሩ ነበር። አሁን ካንቺ አፍ ምን ይፈይድልኛል? ልጄን ቀብሬዋለሁ።» ሊሄድ ዞረ፤ ግን እግሩ ትንሽ ዘገየ። «እኔንም ማባዛት ያስተማረኝ እሱ ነው» አለና ሄደ።

ቀትር ላይ ወንዶቹ ሬሳውን አውጥተው ግቢው ውስጥ ተሰለፉ። ሴቶች ድንኳን ውስጥ ሆነው ይሰማሉ እንጂ አይወጡም። ሶላቱ አለቀ። የሙላው ድምፅ መጣ።

«ሰዎች፣ ጀክሸን ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

አማቾቹ መሬት መሬት ሳያዩ አልቀሩም።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

የታሰረ ፈረስ ራሱን ነቀነቀ፤ የልጓሙ ብረት ተንቃጨለ። ሳይራ የጂፓርን እጅ ጥፍሯ እስኪሰምጥ ጨመቀችው። በአጥሩ ማዶ ሰዎች እንዳሉ ይታወቃል፤ ሲያስሉ ይሰማል።

ሙላው ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ፤ ጠብቆም ቆየ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ራሱ ለራሱ መለሰ። «አላህ ያውቀዋል። አንሱት።»

ሬሳ ሲወጣ ሴቶች መጮህ አለባቸው። ጂፓር አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። የእግር ኮቴው ራቀ፣ ጠፋም።

ሳይራ ወጥታ አንድ ጥቅል ይዛ ተመለሰች። የሟች ልብስ ሬሳውን ላጠቡት ነው የሚደርሰው። «ብርድ ልብሱንና ጫማውን ወሰዱት» አለች። «የማስተማሪያ ኮቱን ግን ትተውታል። እሱን ለብሰን በዚህ መንደር አናልፍም ብለዋል።»

ጂፓር ኮቱን ተቀበለቻት። ክርኑ ላይ ጠመኔ ነበረው፤ ስንት ጊዜ ታጥቦ አልለቀቀም። ከጥቁር ቀሚሷ በላይ ደረበችው። እጅጌው ጣቶቿን ዋጣቸው። ክፍል ሊገባ ሲል እንደሚያደርገው ከታች ወደ ላይ ቆለፈችው፤ የአንገቱ ቁልፍ ላይ ስትደርስ ግን ሁለት ጊዜ ከጣቷ አመለጣት። ሳይራ ጎንበስ አለችና ቆለፈችላት።