የሻርኩና የፓንጎሊኗ ቆዳ

አባቴና እኔ የሞቱ እንስሳትን ቆዳ ሞልተን፣ ሕያው አስመስለን ለሙዚየም እናቆማለን። የሚያሾፉብን "ሙት አስነሺዎች" ይሉናል። ይበሉ! ዘንድሮ ግን ዋናው ሥራዬ አባቴን መሸፈን ሆኗል። መርሳት ጀምሯል። የሙዚየሙ ኃላፊ ካወቀ ጡረታ ያወጣዋል፤ አባዬ ደግሞ ያለ ሥራው አንድ ክረምት አይወጣም።

ለአዲሱ አዳራሽ ሁለት እንስሳት ጎን ለጎን እንድናቆም ታዘዝን፤ ከጥልቅ ባሕር የወጣ ሻርክና ፓንጎሊን የምትባል፣ ገላዋ በሙሉ ቅርፊት የሆነ ጉንዳን በሊታ።

"አንዱ ዓሣ፣ ሌላዋ ልጇን የምታጠባ። ምን አገናኛቸው?" አልኩ።

"አንቺ ደግሞ አፍሽ ይቀድማል" አለ አባዬ እየሳቀ። "በእጅሽ ጠይቂያቸዋ! የእሱ ቆዳ ጥቃቅን ጥርስ ነው፣ የእሷ ቅርፊት ጥፍር። ሁለቱንም ከራስ ወደ ጅራት ስትዳብሻቸው እሺ ይላሉ፤ በተገላቢጦሽ ከሆነ ይቧጥጡሻል። የሚለያዩት ሲፈሩ ነው። እሱ ጨለማው ውስጥ ይሰወራል፣ እሷ ልጇን አቅፋ ትጠቀለላለች።"

እንደ ድሮው ሲያወራ ደስ አለኝ። ከፓንጎሊኗ የረገፉትን ቅርፊቶች እንዲለጥፍ ትቼው ሻርኩን ስሰፋ ዋልኩ።

እኛ ዘንድ ሥራ አለቀ የሚባለው ዓይን ተጨፍኖ ሲዳበስ ነው፤ ዓይን ይሸወዳል፣ እጅ አይሸወድም። አመሻሽ ላይ ጨፍኜ የፓንጎሊኗን ጀርባ ዳበስኩ። ቧጠጠኝ። አንድ ጎኗ በሙሉ ተገልብጧል፤ የቅርፊቶቹ ጫፍ ወደ ራሷ ዞሯል።

ኧረ የኔ ጉድ! ኃላፊው ነገ ጠዋት ሊያይ ይመጣል።

"አባዬ፣ ምን ጉድ ነው የሠራኸው?" ብዬ ጮህኩበት።

እሱም ጨፍኖ ዳበሳት። ፊቱ ተለዋወጠ። "ማነው እንዲህ ያበላሻት?" አለ። ቀና ብሎ አየኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እመቤቴ፣ አይቆጡ። ልጄን ይጥሩልኝ፣ እሷ ታስተካክለዋለች።"

"እሺ፣ እጠራታለሁ" አልኩ።

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አንጀቴ እስኪቆረጥ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ተመልሼ ገባሁ።

"አባዬ፣ መጣሁ።"

"እሰይ፣ የኔ ልጅ!" አለ ፊቱ በርቶ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "አሁን አንዲት ሴትዮ እዚህ ነበረች። ቁጡ ናት፤ ግን እንጃ፣ አሳዘነችኝ።"